ሲምፕል ማይንድስ በ60 ደቂቃ ዝግጅት፦ ታሪካቸው የሚታጠፈው የት ላይ ነው?

ጥያቄ — የሐሙስ ማታ አዘጋጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለኢንተርኔት ራዲዮ ስለ ስኮትላንዱ ባንድ ስለ ሲምፕል ማይንድስ የ60 ደቂቃ ዝግጅት እያሰናዳሁ ነው። አብዛኛው አድማጭ የሚያውቃቸው «ዶንት ዩ ፎርጌት አባውት ሚ» በሚለው ዘፈን ብቻ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሠሩትን ማሰማት እፈልጋለሁ፤ ከ40 ዓመት በላይ የዘለቀ ባንድ በአራት ደቂቃ ዘፈን ተመዝኖ መቅረት የለበትም።

የተወሳሰበብኝ እዚህ ላይ ነው። ዘፈኑ በ1985 ወጥቶ ሳለ በዚያው ዓመት በታተመው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም» አልበም ውስጥ የለም። የ1981ዱ ሥራቸው አንዱ ጋ አንድ አልበም፣ ሌላው ጋ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። የድራመሩን ስም ስፈልግ ደግሞ አራት የተለያየ ስም አገኛለሁ። ታሪኩን ለሁለት ከፍዬ ብተርከው መክፈያው የት ይሁን? ከ1990 ወዲህ ላለው ዘመንስ ምን ያህል ጊዜ ይገባዋል? ለኢትዮጵያ ድርቅ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተካሄደው ኮንሰርት በላይቭ ኤይድ መድረክ ላይም ስለነበሩ የ77ን ድርቅ ሳላነሳ ማለፍ አልሻም፤ ቀኑንና የተጫወቱትን በትክክል የምታውቁ ብትነግሩኝ። ከ77ቱ ድርቅ በስተቀር የጠቀስኳቸው ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።


ሸክላ ሰብሳቢ

እህቴ፣ መክፈያውን 1985 ላይ አታድርጊው። ያ ዓመት ዝናው የመጣበት ነው እንጂ ሙዚቃው የተለወጠበት አይደለም። የተለወጠው በ1982 ነው፤ ለምን እንደሆነ እንድታዪው ከመነሻው እንያዘው።

ጂም ኬር እና ቻርሊ በርቺል በደቡብ ግላስጎ፣ ቶሪግሌን በሚባል ሰፈር ያደጉ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። በ1977 ጆኒ ኤንድ ዘ ሰልፍ አቢዩዘርስ በሚባል የፐንክ ባንድ ውስጥ ነበሩ። ያ ባንድ በዚያው ዓመት በኖቬምበር በቺዝዊክ አሳታሚ በኩል አንድ ሲንግል አወጣ፤ ሲንግሉ ገበያ በዋለበት ዕለት ባንዱ ተበተነ። በ1978 መጀመሪያ ላይ የቀሩት ሰዎች ሲምፕል ማይንድስን አቋቋሙ። ስሙ የመጣው ከዴቪድ ቦዊ ዘፈን ግጥም ነው። በዓመቱ ውስጥ ስብስቡ ቅርጽ ያዘ፦ ኬር ድምፃዊ፣ በርቺል ጊታር፣ ሚክ ማክኒል ኪቦርድ፣ ዴሪክ ፎርብስ ቤዝ፣ ብራያን ማጊ ድራም። እስከ 1981 ያለውን ሥራ የሠሩት እነዚህ አምስቱ ስለሆኑ ስማቸውን አንድ ላይ ጥሪያቸው፤ አድማጩም ያኔ ነው የሚይዘው።

ሥራ አስኪያጃቸው ብሩስ ፊንድሌይ የሸክላ ቤት ባለቤት ነበር። ዙም በሚባለው ትንሽ አሳታሚው በኩል ከአሪስታ ጋር አዋዋላቸው። የመጀመሪያው አልበም «ላይፍ ኢን ኤ ዴይ» በኤፕሪል 1979 ወጥቶ በብሪታንያ 30ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የመጣው «ሪል ቱ ሪል ካኮፎኒ» ደረጃ ውስጥ አልገባም። ሦስተኛው፣ የሴፕቴምበር 1980ው «ኢምፓየርስ ኤንድ ዳንስ» ነው። ሦስቱንም ፕሮዲዩስ ያደረገው ጆን ሌኪ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ባንዱ ሌላ ባንድ ሆኗል። የመጀመሪያው አልበም የእንግሊዝን ባንዶች ይመስላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ተደጋጋሚ የቤዝ ዙር፣ ቀዝቃዛ ሲንተሳይዘር፣ የአውሮፓ ከተሞች ስም የሚፈራረቅበት የዳንስ ሙዚቃ ነው። «አይ ትራቭል»ን ያለ ምንም ማብራሪያ ዝግጅቱን መክፈቻ ብታደርጊው ብዙ ሰው የማን ዘፈን እንደሆነ አይገምትም፤ ለዚሁ ነው የምመክርሽም።

የአሪስታ ጉዳይ መነገር አለበት። በ1980 ከፒተር ጋብርኤል ጋር አውሮፓን ዞረው በየከተማው አዲስ ሰሚ ሲያገኙ አሳታሚው ሦስተኛውን አልበም በጥቂት ቅጂ ብቻ ያትም ነበር። ሰሚው በማግሥቱ ሸክላ ቤት ሲሄድ አልቋል። በ1981 ወደ ቨርጂን የተሻገሩት በዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ አንድና ሁለት አልበም። በ1981 ከስቲቭ ሂሌጅ ጋር ለአንድ አልበም ከሚበቃ በላይ ቀረጹ። «ሰንስ ኤንድ ፋሲኔሽን» ዋናው ሸክላ ሆነ፤ «ሲስተር ፊሊንግስ ኮል» የሚባለው ሁለተኛው ደግሞ መጀመሪያ ከእሱ ጋር እንደ ምርቃት ተያይዞ ወጣ፣ ወዲያው ለብቻው መሸጥ ጀመረ። ሲዲ ሲመጣ ሁለቱን በአንድ ዲስክ አጨቋቸው፤ ሁሉም ስላልበቃ የተወሰኑ ዘፈኖች ተጣሉ። ስለዚህ ከድሮ ሲዲ የምትወስጂ ከሆነ የጎደለ ሊኖር ይችላል። በኋላ በድጋሚ የታተሙት ሙሉ ናቸው። ለንግግርሽ «አንድ ቀረጻ፣ ሁለት አልበም» ማለት በቂ ነው።

ድራመሩ ላይ የምታገኚው የስም ብዛት ስህተት አይደለም፤ በእርግጥም ተፈራርቀዋል። ማጊ ጉዞው ሰልችቶት በ1981 ወጣ። ኬኒ ሂስሎፕ ለጥቂት ወራት ገብቶ «ፕሮሚስድ ዩ ኤ ሚራክል»ን መታ። ከእሱ በኋላ ማይክ ኦግልትሪ መጣ፤ ቀረጻው ሳያልቅ ሜል ጌይነር ተጨመረ። የ1982ቱ «ኒው ጎልድ ድሪም» አልበም ላይ የሦስቱም እጅ አለበት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚሰማው ጌይነር ነው።

1982ን መክፈያ የምልሽ እዚህ ላይ ነው። «ፕሮሚስድ ዩ ኤ ሚራክል» በብሪታንያ 13ኛ ሲወጣ ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሂት አገኘ። በፒተር ዎልሽ ፕሮዲዩሰርነት በሴፕቴምበር የወጣው አልበም ደግሞ 3ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ቀዝቃዛው ድምፅ ሞቀ፣ ዜማው ሰፋ፣ የኬር አዘፋፈን ከንግግር ወደ ዜማ ተሸጋገረ። «ሀንተር ኤንድ ዘ ሀንትድ» ላይ ያለውን የሲንተሳይዘር ሶሎ የተጫወተው ኸርቢ ሃንኮክ ነው፤ ለጃዝ ወዳድ አድማጭ ይህን አትለፊው። ከዚህ አልበም የአርዕስት ዘፈኑን ብታሰሚ በቂ ነው።


ቤዝና ድራም

ከላይ በተባለው ታሪክ እስማማለሁ፣ በመክፈያው ግን አልስማማም። ጆሮን ተከትለን ከሄድን ባንዱ የሚታጠፈው ዴሪክ ፎርብስ በ1985 ሲሰናበት ነው።

ምክንያቱን ለማየት «ዘ አሜሪካን»ን፣ «ላቭ ሶንግ»ን፣ «ቲም ፎር ግሬት ሲቲስ»ን ተከታትሎ መስማት ነው። በእነዚህ ላይ ዜማውን የሚሸከመው ቤዙ ነው፤ ጊታሩ ቀለም ይጨምራል፣ ኪቦርዱ ሰማዩን ይዘረጋል። የበርቺል ጊታር ብዙ ጊዜ ጊታር የማይመስለውም ለዚህ ነው፤ ቦታ የሚለቅለት ቤዝ ስላለ ሶሎ ማብዛት አላስፈለገውም። ፎርብስ ሄዶ ጆን ጊብሊን ሲተካ ቤዙ ድራሙን ተከትሎ መሄድ ጀመረ። ጊብሊን እጅግ የተካነ ተጫዋች ነው፤ የተለወጠው ችሎታ ሳይሆን የሥራ ክፍፍል ነው። ባዶውን ቦታ የጌይነር ድራምና የኬር ድምፅ ሞሉት። የስታዲየም ድምፅ የሚባለው የመጣው ከዚህ ነው።

በመሃል ያለችው ድልድይ «ዋተርፍሮንት» ነች። ቤዙን ልብ ብለሽ ስሚው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ኖታ ብቻ ነው፣ ዲ። የሚለዋወጠው ሌላው ሁሉ ነው። አንድ ኖታ ይዞ አምስት ደቂቃ ያህል ሳያሰለች መሄድ የሚቻለው በላዩ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው በደንብ ሲሰላ ነው፤ ስቲቭ ሊሊዋይት ድራሙን ወደ ፊት አምጥቶ ያን አደረገው። ዘፈኑ ስለ ክላይድ ወንዝ፣ ሥራ ስለጠፋባቸው የግላስጎ የመርከብ መሥሪያዎች ነው። ቪዲዮው የተቀረጸው በኖቬምበር 1983 በግላስጎው ባሮውላንድ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ከአገልግሎት ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ቀረጻ በኋላ የኮንሰርት ቤት ሆኖ ተመለሰ፣ ዛሬም ግላስጎ ውስጥ ከሚወደዱት መድረኮች አንዱ ነው። ዘፈኑ ያለበት «ስፓርክል ኢን ዘ ሬይን» በፌብሩወሪ 1984 ሲወጣ በብሪታንያ የመጀመሪያው አንደኛ አልበማቸው ሆነ። ይኸውም ለአሜሪካ ፊልም የተዘፈነው «ዶንት ዩ» ከመምጣቱ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ አገራቸው ላይ ፊልም አላወጣቸውም።

የቴክኒክ ነገር ልጨምር። ከተለያየ እትም ፋይል ስትሰበስቢ የድምፅ መጠኑ ይዘላል። የ1980ዎቹ ሲዲ ዝቅ ያለ ነው፤ በ2000ዎቹ እንደገና ማስተር የተደረገው ከፍ ብሎ የተጨመቀ ነው። ሁሉንም በአንድ መለኪያ አስተካክዪ፤ ለኢንተርኔት ስርጭት ሲቀነስ 16 ኤል ዩ ኤፍ ኤስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይበቃል። የድሮውን ወደ ላይ ከመግፋት አዲሱን ወደ ታች ማውረድ ይሻላል፤ የድሮውን ስትገፊው የድራሙ ጫፍ ይቆረጣል፣ «ዋተርፍሮንት» ደግሞ ያለዚያ ጫፍ ምንም አይቀራትም።


የፊልም ሙዚቃ ወዳድ

ስለ «ዶንት ዩ» ልመልስ፣ ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ስለሚነገር።

ዘፈኑን የጻፉት ኪት ፎርሲ እና ስቲቭ ሺፍ ናቸው፤ የተጻፈውም ለጆን ሂውዝ ፊልም ለ«ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ነው። ፎርሲ መጀመሪያ ለሌሎች አቅርቦት ነበር፤ ብራያን ፌሪና ቢሊ አይዶል አልቀበልም ብለዋል። ሲምፕል ማይንድስም መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ምክንያቱም የራሳቸውን ዘፈን ራሳቸው የሚጽፉ ባንድ ነበሩና የሌላ ሰው ዘፈን መዝፈን አልተዋጠላቸውም። በአሜሪካ ሥራቸውን የሚያሳትመው ኤ ኤንድ ኤም ግፊት አደረገ፣ በወቅቱ የኬር ባለቤት የነበረችው የፕሪቴንደርስ ድምፃዊት ክሪሲ ሃይንድም መከረችው። በመጨረሻ ሰሜን ለንደን ውስጥ ስቱዲዮ ገብተው በጥቂት ሰዓት ጨርሰው ወጡ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው አብሮ የሚለው «ላ ላ ላ» በተጻፈው ዘፈን ውስጥ አልነበረም፤ ኬር ግጥም በሌለበት ቦታ እዚያው ያስገባው ነው።

ፊልሙ በፌብሩወሪ 1985 ወጣ፤ ዘፈኑ በሜይ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በብሪታንያ ግን ከ7ኛ አላለፈም፤ ይሁንና ከሰንጠረዡ ሳይወጣ ረጅም ጊዜ ቆየ። በዝግጅትሽ ላይ «በአገራቸው አንደኛ» እንዳትዪ። በብሪታንያ አንደኛ የወጣላቸው ሲንግል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ1989 የመጣው «ቤልፋስት ቻይልድ» ነው።

አልበሙ ውስጥ ያልገባው ዘፈኑ የእነሱ ስላልነበረ ነው። «ዋንስ አፖን ኤ ታይም» በኦክቶበር 1985 ሲወጣ ስምንቱም ዘፈኖች የባንዱ የራሱ ድርሰቶች ነበሩ። እንዲያ ያለ ሂት ከአልበም ውጭ መተው ድፍረት ይጠይቃል፤ ባንዱን ከምንም በላይ የማከብረው ለዚህ ውሳኔ ነው። ደግሞም አልጎዳቸውም፦ በጂሚ አዮቪንና በቦብ ክሊርማውንቴን የተሠራው አልበም በብሪታንያ አንደኛ፣ በአሜሪካ 10ኛ ሆነ። «አላይቭ ኤንድ ኪኪንግ» በአሜሪካ 3ኛ ደረጃ ላይ ወጣ። እዚያ ላይ ከኬር ጋር የምትቀባበለው ሴት ድምፅ ሮቢን ክላርክ ነች፤ ስሟን ጥሪው፣ ያለ እሷ አዝማቹ ግማሽ ነው።

ዘፈኑን ስታሰሚ ከየትኛው ቅጂ እንደምትወስጂ ተጠንቀቂ። ሲንግሉ አራት ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ነው፤ የ12 ኢንቹ ቅጂ ከስድስት ደቂቃ ተኩል አያንስም። ሁለቱም በስብስብ አልበሞች ላይ በአንድ ስም ይገኛሉ፤ የደቂቃውን ቁጥር ሳታዪ አታስገቢ። ሌላው ስህተት ደግሞ ዘፈኑ መሃል ላይ ዝግ ብሎ ሲረግብ ያለቀ መስሎ መቁረጥ ነው። ከዚያ እርጋታ በኋላ የሚመጣው የጌይነር ድራም ነው ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው።


ሐምሌ 77

ስለ ላይቭ ኤይድ የጠየቁትን እኔ ልመልስ። ኮንሰርቱ የተካሄደው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 13፣ 1985። የባንዱ ፐንክ ዘመንም በእነሱ 1977 ስለሆነ ሁለቱን «77» በአንድ ዝግጅት ሲያነሱ አድማጭ እንዳይምታታበት «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚለውን በየቦታው አይዝለሉት።

ድርቁ ለምዕራቡ ዓለም የተሰማው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሱት ዘገባ በኦክቶበር 1984 በቢቢሲ ሲተላለፍ ነው። ዘፋኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለድርቁ ርዳታ የተሰባሰቡትን ዘፋኞች፣ የባንድ ኤይድን ዘፈን አስቀረጹ። ሲምፕል ማይንድስ በዚያ ቀረጻ ውስጥ አልነበሩም፤ ነበሩ ብለው እንዳይናገሩ። ግን አንድ የሚያያይዝ ክር አለ፦ ሚጅ ዩር የግላስጎ አካባቢ ልጅ ነው፣ በ1970ዎቹ ስሊክ በሚባል ባንድ ይዘፍን ነበር፤ የስሊክ ድራመር ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ኬኒ ሂስሎፕ ነው። «ፕሮሚስድ ዩ ኤ ሚራክል»ን የመታው ሰውና ለኢትዮጵያ የተዘፈነውን ዘፈን ከጻፉት አንዱ የአንድ ባንድ ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

ላይቭ ኤይድ በለንደኑ ዌምብሌይና በፊላደልፊያው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየም በአንድ ቀን ተካሄደ። ሲምፕል ማይንድስ የተጫወቱት ፊላደልፊያ ነው። ብሪታንያውያን ስለሆኑ ብዙ ሰው ዌምብሌይ ያደርጋቸዋል፤ ልክ አይደለም። ሦስት ዘፈን ነው ያቀረቡት፦ «ጎስት ዳንሲንግ»፣ «ዶንት ዩ» እና «ፕሮሚስድ ዩ ኤ ሚራክል»። የመጀመሪያው ያን ጊዜ ገና ያልታተመ፣ ከሦስት ወር በኋላ በአልበሙ ላይ የወጣ ዘፈን ነበር። ስለ ድርቁ የተጻፈ አይደለም። በዓለም ፊት ለመታየት በተሰጣቸው ጥቂት ደቂቃ ሰው የማያውቀውን ዘፈን መጀመሪያ ማድረጋቸው ምን ያህል በራሳቸው ይተማመኑ እንደነበር ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ካላነሱ ነገሩ ይጎድላል። በጁን 11፣ 1988 ዌምብሌይ ላይ የኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ልደት ኮንሰርት ሲደረግ ማንዴላ ገና እስር ቤት ነበሩ። «ማንዴላ ዴይ» የተጻፈው ለዚያ ዕለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ባላድ ኦቭ ዘ ስትሪትስ» በሚል ሦስት ዘፈን በአንድ ላይ አወጡ፦ «ቤልፋስት ቻይልድ»፣ «ማንዴላ ዴይ» እና የፒተር ጋብርኤል ድርሰት የሆነው «ቢኮ»። በብሪታንያ አንደኛ የሆነውም ይኸው ነው። «ቤልፋስት ቻይልድ» በኖቬምበር 1987 በሰሜን አየርላንድ ኤኒስኪለን ላይ በፈነዳው ቦምብ ሰዎች ካለቁ በኋላ የተጻፈ ነው፤ ዜማው ደግሞ አሮጌ የአየርላንድ ባህላዊ ዜማ ነው፣ ግጥሙ ብቻ አዲስ። ለአድማጭዎ ይህን ከዘፈኑ በፊት ቢነግሩት ይሻላል።


የሐሙስ ማታ አዘጋጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዘፈኖቹን ተራ እንዲህ አስቤዋለሁ፦ «አይ ትራቭል»፣ «ፕሮሚስድ ዩ ኤ ሚራክል»፣ «ኒው ጎልድ ድሪም»፣ «ዋተርፍሮንት»፣ «ዶንት ዩ»፣ «አላይቭ ኤንድ ኪኪንግ»፣ «ቤልፋስት ቻይልድ»፣ ከዚያ ከ1990ዎቹ አንድ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። «ቤልፋስት ቻይልድ» ረጅም ነው፣ ሦስት ደቂቃ ላይ ላደብዝዘው? ከ1990 በኋላስ የትኛውን ልምረጥ፣ ምንስ ልበል?


ሸክላ ሰብሳቢ

«ቤልፋስት ቻይልድ»ን አትንኪው። ስድስት ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ድምፅና ኪቦርድ ነው፣ ድራሙ የሚገባው ወደ መሃል ላይ ነው። ሦስት ደቂቃ ላይ ብትቆርጪው ለአድማጭ መግቢያውን ብቻ ሰጥተሽ ዘፈኑን ወስደሽበታል። ጊዜ ካጠረሽ ሌላ ዘፈን ቀንሺ።

ከ1990 በኋላ ያለውን ለመረዳት አንድ ስም ያስፈልጋል፦ ሚክ ማክኒል። ትሬቨር ሆርንና ስቲቨን ሊፕሰን የሠሩት «ስትሪት ፋይቲንግ ይርስ» በ1989 በብሪታንያ አንደኛ ሆነ፤ ከዚያ አልበም ጉዞ በኋላ ማክኒል ባንዱን ለቀቀ። በኬርና በበርቺል ዘፈን ውስጥ ሦስተኛው ደራሲ እሱ ነበር። ብዙዎቹ ዘፈኖች የሚጀምሩት ከእሱ ኪቦርድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምትሰሚው በጊታር ላይ የቆመ ባንድ ነው። የ1991ዱ «ሪል ላይፍ» 2ኛ፣ የ1992ቱ «ግሊተሪንግ ፕራይዝ» ስብስብ አንደኛ፣ የ1995ቱ «ጉድ ኒውስ ፍሮም ዘ ኔክስት ወርልድ» 2ኛ ደረጃ አግኝተዋል፤ ቁጥሩ ሲታይ ውድቀት አይመስልም። የ1995ቱን የሠራው የ«ዶንት ዩ» ደራሲ ኪት ፎርሲ መሆኑም ለዝግጅትሽ ጥሩ ማያያዣ ነው። ከዚያ አልበም «ሺ ኢዝ ኤ ሪቨር»ን ውሰጂ፤ በብሪታንያ 9ኛ የወጣች፣ የበርቺል ጊታር ፊት ለፊት ያለባት ዘፈን ነች።

ቁልቁለቱ የጀመረው ከቨርጂን ከወጡ በኋላ ነው። በ1998 በክሪሳሊስ የወጣው «ኒያፖሊስ» 19ኛ ላይ ቆመ። ፎርብስ ለዚያ አልበም ተመልሶ ነበር፤ ቤዙን ስትሰሚ ታውቂዋለሽ። ቀጥሎ የቀረጹት «አወር ሲክሬትስ አር ዘ ሴም» በአሳታሚዎች ክርክር ተይዞ ቀረ። በኢንተርኔት ሾልኮ ወጣ፣ በይፋ የታተመው ግን በ2004 «ሲልቨር ቦክስ» በሚባለው ስብስብ ውስጥ ነው። የዚህን ዘመን አልበሞች ዝርዝር የሚያዛባው ይህ ነው፤ አንዳንዱ ይቆጥረዋል፣ አንዳንዱ ይዘለዋል።

መመለሻው አዲስ ሂት አልነበረም። በ2012 «ፋይቭ ባይ ፋይቭ» ብለው ከመጀመሪያዎቹ አምስት አልበሞች አምስት አምስት ዘፈን ይዘው አውሮፓን ዞሩ፤ ማለትም አሪስታ በቅጡ ያላሳተመውንም ሙዚቃ ጨምረው ከ30 ዓመት በኋላ በየአዳራሹ ሞልተው ተጫወቱት። ከዚያ በኋላ በ2014 የወጣው «ቢግ ሚዩዚክ» የድሮውን ሲንተሳይዘር መልሶ አመጣ፤ የ2018ቱ «ዎክ ቢትዊን ወርልድስ» እና የ2022ቱ «ዳይሬክሽን ኦቭ ዘ ሃርት» ሁለቱም በብሪታንያ 4ኛ ሆኑ። ከመጀመሪያ እስከ ዛሬ ያሉት ኬርና በርቺል ብቻ ናቸው። በዚህኛው ዘመን ቤዝ ላይ ጌድ ግራይምስ፣ ድራም ላይ ሼሪስ ኦሴይ፣ ከኬር ጋር ደግሞ ሳራ ብራውን ስትዘፍን ቆይታለች። ለዚህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ንግግር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ብትሰጪው የስም ዝርዝር ይሆንብሻል።


ቤዝና ድራም

ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ያሰብሻቸው ሰባት ዘፈኖች ከ«ሺ ኢዝ ኤ ሪቨር» ጋር 41 ደቂቃ ገደማ ይወጣሉ፤ ለንግግር 19 ደቂቃ ይተርፍሻል። ያ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ ያስፈልጋል። «ቲም ፎር ግሬት ሲቲስ»ን ተጠቀሚ፤ ድምፃዊ የለበትም፣ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከንግግርሽ 15 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጊው። ቤዙ ከሰው ድምፅ ጋር ስለሚጋጭ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን በጥቂቱ ቀንሺለት፣ ጨርሰሽ ግን አታጥፊው።

አንድ ቅያሪ ብቻ እመክራለሁ። «ኒው ጎልድ ድሪም» እና «ዋተርፍሮንት» ሲቀጣጠሉ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ግስጋሴ ስለሚሄዱ ሁለተኛው ኃይሉ አይሰማም። በመካከላቸው የባሮውላንድንና የክላይድን ወሬ አስገቢ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ንግግር፣ ያለ ማጀቢያ ሙዚቃ። ጊዜ ካነሰሽ የምትቀንሺው «ሺ ኢዝ ኤ ሪቨር»ን ነው። እሷን ካወጣሽ 1990ዎቹን በንግግር ብቻ እለፊና በ«ቤልፋስት ቻይልድ» ጨርሺ፤ ዘፈኑ ራሱ እየደበዘዘ ስለሚያልቅ የስንብት ቃልሽን ከዘፈኑ በፊት ተናግረሽ ጨርሺው።